ቤቱ ይጥበባቸው

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ኩሽና በረሮ ለቀረበልኝ ጥያቄ ስመልስ «እኔ ራሴ ሳሎኔ ውስጥ 600 ያህል ጉንዳን አረባለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አምልጣኝ ነበር። ስለ በረሮው መልሶ የጻፈልኝ የለም። ስለ ጉንዳኑ ግን ደብዳቤው እንደ አሸን ፈላ። ግማሹ ጤንነቴን የሚጠይቅ ነው። ሌላው ግማሽ «እኔም ጀምሬ ነበር፣ እያለቁብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይላል። የዛሬው ዓምድ ለእነዚህኞቹ ነው።

ለማታውቁኝ፦ 31 ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዋን ንግሥት ያገኘኋት አዳር ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ነው። ዝናቡ እንዳባራ፣ በረንዳው መብራት ስር፣ ክንፏን በገዛ እግሯ እየገፋች ስትጥል ደረስኩ። ኪሴ ውስጥ ባዶ ቴስት ቲዩብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምንት ቤተሰብ ጀምሬ አምስቱን ገድያለሁ። ምክሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከአምስቱ ነው።

«ጋሼ፣ የ13 ዓመት ልጄ ካቻምና ሰኔ ከበራችን መብራት ስር ክንፍ ያላት ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ያዘ። ውሃና ጥጥ ያለበት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ደበቃት። አሁን ልጆቿ 30 ሳይሞሉ አይቀሩም። ያሉበት ሦስተኛ ቱቦ ነው፤ ጥጡ ሻግቷል፣ ውሃውም ወደ ቡና ቀለም ሄዷል። ልጁ የድሮውን የዓሣ ገንዳ አጥቦ፣ አፈር ሞልቶ ሊያሰፍራቸው ተዘጋጅቷል። እኔ ደግሞ ስኳር ዕቃዬ ውስጥ እንዳይገቡ ፈራሁ። ጾምም ገብቷል፣ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ምን ይብሉ?» እናት፣ ከገርጂ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የልጅዎን ግንባር ይሳሙልኝ። አንዲትን ንግሥት ዓመት ከመንፈቅ አቆይቶ 30 ሠራተኛ ማድረስ ቀላል አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ አራት ወር አልሞላኝም። ከመጠኗና ከቀለሟ እንደምረዳው ካምፖኖተስ ከሚባለው ወገን ነች። ይህ ወገን ዝግተኛ ነው። በ26 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ከዕንቁላል እስከ ሠራተኛ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ይበቃዋል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ግን ያጓትተዋል። እኔ ቤት ሐምሌ ላይ የተጣለ ዕንቁላል ሦስት ወር አልፎት ያውቃል። ስለዚህ ልጁ «የእኔዎቹ ለምን አይበዙም?» ብሎ ቢያማርር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የዓሣ ገንዳውን ግን ወደነበረበት ይመልሰው። 30 ጉንዳን በዓሣ ገንዳ ውስጥ ማለት አንድን አባወራ ከነልጆቹ ስታዲየም ውስጥ እንደማሳደር ነው። ጉንዳን ሰፊ ቤት አይወድም። የማይኖርበትን ክፍል ቆሻሻ መጣያ ያደርገዋል፤ ከዚያ ክፍል ሻጋታ ይነሣል፤ ሻጋታው ወደ እጮቹ ሲጠጋ ተሸክመው ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ ደግሞ የእርጥበቱን ልክ ያጡታል።

ይህን የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም። ሁለተኛው ቤተሰቤ 60 ሲደርስ ትልቅ የመስታወት ሣጥን አሠርቼ፣ ከግቢዬ ጥቁር አፈር ሞልቼ ገለበጥኳቸው። በነጋታው ሁሉም አፈር ውስጥ ገብተው ጠፉ። እንዳይጠማቸው ብዬ በየቀኑ ውሃ እረጭላቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ምንም ሳላይ ቆይቼ በአራተኛው በሾርባ ማንኪያ ቆፈርኩ። ንግሥቲቱ ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ የረጨሁት ውሃ ሁሉ ተጠራቅሞ ጭቃ የሆነበት ቦታ ነበረች። ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ለብሳለች። አሥር የሚሆኑ ልጆቿ አሁንም ከበው ይልሷት ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አይታኝ ምንም ሳትናገር ተመለሰች፤ እንዲያ ዝም የምትለው ስታዝን ነው።

ታዲያ ምን ይሥራላቸው? ጀሶ ይግዛ። ክዳኑ በደንብ የሚያሳይ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልግ። ሁለት እጅ ጀሶ ለአንድ እጅ ውሃ በጥብጦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያፍስስበት። ጠጠር ማለት ሲጀምር በሻይ ማንኪያ እጀታ አራት ጉድጓድ ይቅረጽ፤ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ስፋት ይበቃቸዋል፣ ጥልቀታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር። በመካከላቸው መተላለፊያ ያብጅ። አራት ቀን ይድረቅ። ከዚያ በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ውሃ የሚያጠጣው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። ሌላው ጫፍ ደረቅ ሆኖ ይቅር። ጉንዳኖቹ ራሳቸው ያከፋፍሉታል፦ ዕንቁላሉንና ትንንሾቹን እጮች ወደ እርጥቡ ይወስዳሉ፣ ራሳቸውን በሐር ጠቅልለው የተኙትን (እኔ «ጥቅሎች» እላቸዋለሁ፣ ቡናማ ስንዴ ይመስላሉ) ወደ ደረቁ። አንድ ቀን ጠዋት ጥቅሎቹ በሙሉ በረድፍ ተደርድረው ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሌሊት ሲያስተካክሉ አድረው ነው።

ከቤቱ ጎን ግቢ ያስፈልጋቸዋል። ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ምግብ የሚቀርበውም ቆሻሻ የሚጣለውም እዚያ ነው። ቤቱንና ግቢውን የሚያገናኘው ላስቲክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ በጣም ቀጭን ነው፣ ንግሥቲቱ ትቀረቀራለች። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ውስጡ የሚታየው ላስቲክ ልኩ ነው፤ ሕንፃ መሣሪያ መደብር በሜትር ይሸጣሉ፣ ግማሽ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

ስኳር ዕቃዎን በተመለከተ መፍትሔው የግቢው ግድግዳ ላይ ነው። የሕፃን ፓውደር ይግዙ፤ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራው አይሆንም፣ ታልክ የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። ከፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ቀጠን ያለ አጥሚት እስኪመስል ይበጥብጡትና የሣጥኑን ውስጠኛ ግድግዳ ከአፉ ወደ ታች አራት ሳንቲ ሜትር በጥጥ ይቀቡት። አልኮሉ ሲተን ዱቄቱ ብቻ ይቀራል። ጉንዳኗ ልትወጣ ስትሞክር የቆመችበት ዱቄት አብሯት ይረግፋል፤ አንድ ሁለቴ ወድቃ ትተወዋለች። ይህን ልጁ ብቻውን አይሥራው፤ ምድጃ በሌለበት ክፍል፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው፣ ዱቄቱንም ማቡነን የለም። በወር አንዴ ይታደስ። አንዲት ብታመልጥ እንኳ ኩሽናዎ ውስጥ ቤት ልትመሠርት አትችልም፣ ያለ ንግሥት ሠራተኛ ብቻዋን የትም አትደርስም። ስኳሩ ላይ የሚያገኟቸው ትንንሾቹ ቁጫጮች የልጅዎ ልጆች አይደሉም። ከዱሮም የነበሩ ተከራዮች ናቸው።

አሁን ወደ ማዛወሩ። ቱቦውን መገልበጥ፣ መነቅነቅ፣ በእንጨት ማስወጣት ክልክል ነው። የቱቦውን አፍ የዘጋውን ጥጥ ብቻ አውጥቶ ቱቦውን ግቢው ውስጥ ያስቀምጠው። አዲሱን ቤት በጨርቅ ይሸፍነው፤ ቱቦው ብርሃን ላይ ይሁን። ጨለማና እርጥበት ያለበትን ራሳቸው ያገኙታል። አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የእኔ ሦስተኛው ቤተሰብ 19 ቀን ቆይቶ፣ በሃያኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ ሌላዋን በመንጋጋዋ አንጠልጥላ ስታልፍ አየሁ። የተያዘችው እግሯን ሰብስባ እንደ ሻንጣ ተጠቅልላለች። እስከ ማታ ድረስ አንድ በአንድ ተሸካክመው ገቡ፤ ንግሥቲቱም በመጨረሻ በእግሯ ሄደች፣ ከኋላ ሁለት እየገፏት። የቡናው ቀለም ውሃ እስከዚያ አይገድላቸውም። ሻጋታውም ጥጡ ላይ ብቻ ከሆነ ይተወው። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በችኮላ ወደ ጠርሙስ አራግፎ ክዳን እንዳይደፍንባቸው። ይህ ወገን ሲደነግጥ አሲድ ይረጫል፤ አፍንጫ የሚሰረስር ኮምጣጤ ይሸታል። አየር በሌለበት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከሆኑ የራሳቸው አሲድ ይፈጃቸዋል።

የምግቡን ነገር ላስረዳዎት። የአዋቂዋ ጉንዳን ወገብ ክር ነው፣ ጠጣር ምግብ አያሳልፍም። እሷ ፈሳሽ ብቻ ትጠጣለች። ሥጋ የሚፈጩት እጮቹ ናቸው። ስለዚህ ሠራተኞቹ የሚሮጡበት ጣፋጭ ነው፣ እጮቹ የሚያድጉበት ደግሞ ሥጋ ነገር። ማር አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ በጥብጦ በጥጥ ቁራጭ ላይ ያንጠባጥብ፤ በክዳን ሞልቶ ካቀረበ ይሰጥማሉ። አንዷ ጠግባ ስትመለስ ሆዷን ይመልከት፤ ተወጥሮ ጠርዘ ጠርዙ የሚያበራ ይሆናል። ቤት ስትደርስ አፍ ለአፍ ገጥማ ለሌሎቹ ታካፍላለች። ያ ሆድ የራሷ ብቻ አይደለም፣ የቤተሰቡ እንስራ ነው።

ጾሙን ጉንዳን አይጾምም። ሆኖም የእርስዎን ቤት ሥርዓት ማፍረስ አያስፈልግም፤ ልጁ ሜዳ ወጥቶ ፌንጣ ይያዝ። ለ30 ጉንዳን በሳምንት ሁለት ዝንብ ወይም የአንድ ትንሽ ፌንጣ ጭን በቂ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክሮ ያቅርበው፣ ጥገኛ ነፍሳት ይዞ እንዳይገባ። የተረፈውን በነጋታው ያንሣ። ቤት ውስጥ የሞተ በረሮ ግን በጭራሽ! ከአምስቱ አንዱን ቤተሰብ ያጣሁት በዚህ ነው። ጎረቤት የበረሮ መድኃኒት ነፍቶ ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ደጄ ላይ ተገልብጦ ያገኘሁትን በረሮ በደስታ አቀረብኩላቸው። ማታ በሉ፣ ጠዋት ግቢው በጀርባቸው በተገለበጡ ጉንዳኖች ተሞልቶ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይህኛው ለልጁ ነው። የኔ ልጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ ጨርቁን ገልጠህ ታያቸዋለህ? እውነቱን ንገረኝ። ጨርቁ በተገለጠ፣ ሣጥኑ በተነቀነቀ ቁጥር ዕንቁላሉን አንሥተው ይሯሯጣሉ። የተጨነቀች ንግሥት ዕንቁላሏን ትበላለች። በሳምንት አንድ ቀን ምረጥ። ግቢውን ግን እንዳሻህ ተመልከት፤ ዋናው ትርኢት ያለው እዚያ ነው። ቤቱን መቼ ታሰፋለህ? ጉንዳኖቹ ከክፍሎቹ ሦስት አራተኛውን ሲሞሉና ቆመው መተኛት ሲጀምሩ። እስከዚያ ይጥበባቸው።

«ሰው የሚበላው በሚያጣበት አገር ጉንዳን ስትመግብ አታፍርም?» ስሙን ያልገለጸ አንባቢ

የ600ዎቹ የሳምንት ወጪ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማርና የተወሰነ ዝንብ ነው። ዝንቡን በነጻ ነው የማገኘው። እርስዎ ዘንድ ከተረፈ ይላኩልኝ።

«ሰላም ጋሼ፣ የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። ለልደቴ ሜሶር ባርባሩስ የሚባሉ ጉንዳኖች ተሰጡኝ፤ ንግሥቲቱና 15 ልጆቿ ነበሩ፣ አሁን 200 አልፈዋል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ንግሥቲቱም ዕንቁላል አቆመች። እየሞቱብኝ ነው? ሌላው ጥያቄ፣ የዘር ምግባቸው ሲያልቅ እናቴ ጤፍ ስጪያቸው አለችኝ። ትቀልዳለች ወይስ የእውነት ነው?» ተማሪ፣ ከጀርመን

የኔ ልጅ፣ እየሞቱ አይደለም፣ ክረምታቸው ነው። ያንቺዎቹ አገራቸው ስፔንና ሞሮኮ አካባቢ ነው፤ በረዶ ባይለምዱም ቀዝቃዛ ወራት ያውቃሉ። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ቦታ፣ ለምሳሌ ማሞቂያ የሌለው መጋዘን ወይም የደረጃ ስር፣ ፈልጊላቸውና እስከ የካቲት ይረፉ። ውሃ እንዳይቋረጥባቸው፤ ዘር ቀድመው አከማችተዋል። ጓደኛሽ ደግሞ የጀርመን አትክልት ቦታ ሁሉ የሚገኘውን ጥቁሩን ላሲዩስ ኒጌር ይዞ ከሆነ፣ የእሱዎቹ ከዚያም በላይ ብርድ ይፈልጋሉ፣ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ። ብዙዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አትክልት መሳቢያው ጋ ያስቀምጧቸዋል። በየዓመቱ ካላረፉ ንግሥቲቱ ትደክማለች። ካረፈች ግን ዕድሜዋ ያስደነግጣል፤ የዚያ ወገን አንዲት ንግሥት በሰው እጅ ተይዛ ከ28 ዓመት በላይ መኖሯ ተመዝግቧል። አንቺ ሳታገቢ ተገዝታ ልጅሽ ስታገባ ዕንቁላል እየጣለች ልትገኝ ትችላለች።

እናትሽ አልቀለደችም። ያንቺዎቹ ዘር ሰብሳቢዎች ናቸው፣ ጤፍ ደግሞ ከሣር ዘሮች ሁሉ ለመሸከም ቀላሉ ነው። ለትንንሾቹ ሠራተኞች ጤፍ፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ ለሆኑት ጠንከር ያለ ዘር ስጪ፤ ልጣጩን የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ የተሰበረውን በምራቅ እያላሙ ያኝኩታል፣ ነጭ ቡኮ ይመስላል፣ አርቢዎች የጉንዳን ዳቦ ይሉታል። ያንን ዳቦ በዓይንሽ ለማየት ማጉያ መነጽር ግዢ፤ አምስት ስድስት ሆነው አንዱን ጉርሻ ከበው ሲያላምጡ ሰፌድ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሴቶችን ይመስላሉ።

ከጤፍ የበለጠ ላስገርምሽ። እዚያው ሰፈርሽ የወፍ ምግብ የሚሸጡ ሱቆች ገብተሽ ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ዘር ፈልጊ። ኑግ ነው። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛው ቃል «አቢሲኒካ» የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፓዊው ለወፍ ይገዛዋል፣ ያንቺዎቹ ዘይቱን ይወዱታል። ጥሬውን ስጪ፣ ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ግን እንዳይሆን። ዘሩን በደረቁ ክፍል ያከማቹታል፤ እርጥበት ሲነካው ይበቅልባቸዋል፣ የበቀለውን ወደ ግቢ ጎትተው ይጥሉታል። ግቢሽ ውስጥ የጤፍ ቡቃያ ካየሽ ጎተራቸው ረጥቧል ማለት ነው፣ ውሃ ቀንሺ። ማርና ስኳሩን ችላ ይሉታል፣ ነፍሳት ግን ለእጮቹ አይቅርባቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በመጽሐፈ ምሳሌ ታካቹ ሰው ጥበብ እንዲማር የሚላከው ወደ ገብረ ጉንዳን ነው፤ በመከር መብሏን የምታከማች ተብላ ተመስግናለች። የምታከማቸው ግን ያንቺ ሜሶር ዓይነቷ ነች፣ ዘመዶቿ በእስራኤል ምድር ዛሬም እህል ይሰበስባሉ። በእኛ አገር ገብረ ጉንዳን የምንለው ደግሞ ምንም የማያከማች፣ የደረሰበትን ጠራርጎ የሚሄድ ዘማች ነው። ተርጓሚዎቹ ስም አጥሯቸው ይሁን ምስጋናውን ለማን እንደሰጡ ሳያዩ፣ ታካቻችን ለስንት ዘመን የተላከው ወደተሳሳተ በር ነው።

«የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቡናችን ስር ገብረ ጉንዳን ተሰልፎ ሲያልፍ አየሁ። ንግሥቲቱን እንዴት አድርጌ ላግኝና ላርባ?» ከቦንጋ

ተው! ከላይ እንዳልኩት ይህ ዘማች ነው። ቤተሰቡ በሚሊዮን ይቆጠራል፣ ቋሚ ቤት የለውም፣ የሚኖረው እያደነ በመጓዝ ነው። ንግሥቲቱ ክንፍ የላትም፤ ከዝናብ በኋላ መብራት ስር አታገኛትም፣ ከሰልፉ መሃል ካልሆነ። ከሰልፉ መሃል ልታወጣት ስትሞክር ደግሞ ሱሪህ ውስጥ የሚገባው ወታደር መንጋጋው ቆዳህን ይዞ አንገቱ ቢበጠስ አይለቅም። ይልቅ ማታ ማታ መብራታችሁ ላይ የሚጋጨውን፣ ቴምር የሚያህል ሆድ ያለውን ቡናማ በራሪ ነፍሳት አይተኸዋል? ሰው ሁሉ ተርብ ነው ይላል። የገብረ ጉንዳን ወንዱ ነው። አይናደፍም። እሱን ይዘህ ለክፍል ጓደኞችህ አሳይ፣ ስንቱ ጉንዳን መሆኑን እንደሚያምንህ ጻፍልኝ።

«ሰላም ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ጥምቀትን ባሕር ዳር ለማሳለፍ እመጣለሁ። ሁለት ሦስት ንግሥት በቱቦ አድርጌ በሻንጣዬ ብወስድ ምን ችግር አለው? ቅንጣት የምታህል ነገር ማን ያይብኛል?»

ወንድሜ፣ ችግሩ ብዙ ነው፣ በቅደም ተከተል ልንገርዎት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጉንዳን ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላ ለማሻገር እንኳ ፒፒኪው 526 የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከባሕር ማዶ ያለ ፈቃድ ማስገባት ደግሞ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይገምቱት። ሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ኬንያ ናይቫሻ ላይ ሁለት የ19 ዓመት ቤልጂየማውያን ወጣቶች ጥጥ ባለባቸው ቱቦዎች ውስጥ 5,000 ያህል ጉንዳን ይዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ንግሥቶች ነበሩ። በወሩ ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልሆነም 12 ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። እነሱም ቅንጣት የምታህል ነገር ማን ያየናል ብለው ነበር ይሆናል።

ሕጉን እንኳ ቢተዉት፣ እርስዎ የሚሄዱበት አካባቢ ራሱ ምክንያት አለው። በጣና ዙሪያ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ ትንሽ ጉንዳን አለ። ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት የዚህ ጉንዳን አንድ ቤተሰብ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ አግኝተውታል፤ ከዚህ ጫፍ ያለችው ሠራተኛ ከዚያ ጫፍ ካለችው ጋር ብትገናኝ አትጣላም፣ እንደ እህቷ ታያታለች። አገሩ ላይ ጎረቤቶቹ ሳይገቱት አይቀሩም። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ጉንዳን ባዕድ አገር ሲገባ ግን ተቆጣጣሪ ያጣል። በሻንጣ የሄደው የትኛው እንደሆነ እርስዎ በዓይንዎ መለየት አይችሉም።

ስለዚህ ለጥምቀት ሲመጡ ማጉያ መነጽር ብቻ ይያዙ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከደኑ አንድ ያረጀ ዛፍ ስር ይቀመጡና ግንዱን ይመልከቱ፤ ግማሽ ሰዓት አይበቃዎትም። ማርባት ካማረዎት ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ የራሷ የሆነች ትልቅ ጥቁር ካምፖኖተስ አለች፣ ካምፖኖተስ ፔንስልቫኒከስ ይሏታል። ግንቦት ላይ ሞቃት ቀን ሲሆን፣ ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ክንፏን ጥላ ስትሮጥ ያገኟታል። ለገርጂዋ እናት የጻፍኩት ሁሉ ለእሷም ይሠራል፤ አንድ ልዩነት፣ ክረምት ታርፋለች። ሁለተኛ ንግሥት ጨምሬ ቶሎ ይብዙልኝ ብለው ግን እንዳያስቡ። ይህ ወገን በአንድ ቤት ሁለት እመቤት አያስተናግድም።

«ጋሼ፣ አራት ዓመት ያሳደግኳት ንግሥቴ ባለፈው እሑድ ሞተች። የያዝኳት ከዚሁ ከግቢያችን ነበር። ልጆቿ 300 ይሆናሉ። እስካሁን አልተዋትም፣ ይልሷታል፣ ከክፍል ክፍል ይዘዋት ይዞራሉ። ላውጣት ወይስ ልተዋት? እነሱስ ምን ይሆናሉ? ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።» ከሐዋሳ

የኔ እመቤት፣ አታውጫት። ጠረኗ ገና አልለቀቀም፤ እነሱ የሚያውቋት በጠረኗ ነው፣ ጠረኑ እስካለ ድረስ ለእነሱ በሕይወት አለች። ሲጠፋ ራሳቸው ተሸክመው ግቢ፣ ቆሻሻ የሚጥሉበት ጥግ ያወጧታል። ያን ቀን አንስተሽ ቅበሪያት። የእኔዋ በስምንት ቀኗ ነው የወጣችው። ጥፋትሽን የምፈልግበት ምልክት በደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም፤ አራት ዓመት በደንብ አኑረሻት 300 አድርሰሻል። በያዝሻት ዕለት ውስጧ ምን ጉዳት እንደነበረ ማንም አያውቅም።

ሌላ ንግሥት አታምጪ፣ ይገድሏታል። እነሱን መመገብ አታቋርጪ፤ ሠራተኛ ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። እጮችና ጥቅሎች ካሉ አሳድገው ይጨርሷቸዋል፣ ስለዚህ ፌንጣውን አሁን አትቀንሺ። ከዚያ በኋላ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ዕንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። እናታቸው እያለች ይህን አያደርጉም። ካልተዳቀለ ዕንቁላል የሚወጣው ወንድ ብቻ ነው፦ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ክንፍ ያለው። ሥራ አይሠራም፣ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ እህቶቹ ያጎርሱታል። እኔ ቤት በአምስተኛው ወር 11 ወጡ። ያንቺዎቹ ሲወጡ በልግ ገብቶ ይሆናል። የያዝሻት ከግቢያችሁ ስለሆነ ወንዶቹም የዚያው ሰፈር ናቸው። ዝናብ ዘንቦ ያባራ ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ የጉንዳኖቹን ግቢ ክዳን አንሺና መስኮቱን ክፈችላቸው።